«ሁሉም ተነሥቶ የደረሰበትን ይናገር» ተባልኩ፤ ምን ላድርግ?

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ። የምጽፍላችሁ ከባሕር ዳር ነው። በአንድ የግል ክሊኒክ የነርሶች አስተባባሪ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ክሊኒካችን ትልቅ የሚባል አይደለም፤ ከጥበቃና ከጽዳት ሠራተኞች እስከ ሐኪሞቹ ብንቆጠር ሠላሳ አንሞላም። ነገር ግን ከከተማውም፣ ከአባይ ማዶም፣ ከሐይቁ ዙሪያ ካሉት ገጠሮችም ሕመምተኛ ስለሚመጣልን ሥራ ፈትተን አናውቅም።

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት ለጤና ባለሙያዎች ስለ ትራውማ፣ ማለትም ከከባድና አስደንጋጭ ገጠመኝ በኋላ በሰው ላይ ስለሚቀረው የሥነ ልቦና ጉዳት፣ የሦስት ቀን ሥልጠና ሲሰጥ ክሊኒኩን ወክዬ የተላክሁት እኔ ነበርኩ። ብዙ ተምሬበታለሁ። ስመለስ የክሊኒኩ ባለቤት የሆኑት ዶክተር አስጠርተውኝ «እንግዲህ የተማርሽውን ለሁሉም ታካፍያለሽ» አሉኝ፤ እስከዚህ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር። ያስጨነቀኝ እርሳቸው ያሰቡት አካሄድ ነው። አንድ ቅዳሜ በሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ሠራተኛውን በሙሉ ሰብስበን፣ ሁሉም በየተራ እየተነሣ ባለፉት ዓመታት የደረሰበትን እንዲናገር፣ የሚያለቅስም አልቅሶ እንዲወጣለት፣ ከዚያም ምሳ በልተንና አብረን ፎቶ ተነሥተን ሰኞ «በአዲስ መንፈስ» ሥራ እንድንጀምር ይፈልጋሉ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ውስጥ ለውስጥ ታፍኖ ነው እርስ በርስ የሚያናክሰን» ይላሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሠራተኛ ሲታመም ከኪሳቸው የሚያሳክሙ ሰው ናቸው።

እኔ ግን ፈርቻለሁ። ነርስ ነኝ እንጂ የአእምሮ ሐኪም አይደለሁም። ከመካከላችን ከቤት ንብረቱ ተፈናቅሎ የመጣ አለ፤ ወንድሙን የቀበረ አለ፤ ምን እንደደረሰበት የማናውቀው ደግሞ ይበዛል። በዚያ ቀን የሚከፈተውን ቁስል ማን ይዘጋዋል? እምቢ ብልስ ለሥልጠና የተላክሁት ለምን ነበር?

ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሌላ ጭንቀትም አለኝ። በካርድ ክፍል የምትሠራ አንዲት ልጅ አለችን። ሥራዋን የምታውቅ፣ እጇ የፈጠነ ነበረች። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ጠዋት ታረፍዳለች፤ መብራት ጠፍቶ ጄነሬተሩ በድንገት ሲነሣ መስኮቱን ትታ ትወጣለች፤ ተራ የሚጠብቅ ሰው ድምፁን ከፍ ካደረገባት ትጮህበታለች። ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል። ከባልደረቦቿ ግማሾቹ «ጠባይዋ ተበላሽቷል»፣ ግማሾቹ «ጠበል ትሂድ» ይላሉ፤ አንዷ ደግሞ እንዲያረጋጋት ብላ ዲያዜፓም ስትሰጣት አይቻለሁ። አንድ ቀን ከሥራ በኋላ በልብስ መቀየሪያው ክፍል ሁለታችን ብቻ ስንቀር የደረሰባትን ነገረችኝ። እዚህ አልጽፈውም፤ ለማንም እንዳልነግር አስምላኛለች። አሁን ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ሊጻፍባት ነው። ዶክተርም አንድ ነገር እንዳለባት ጠርጥረው «ቅዳሜ እሷ ብትጀምር ለሌላውም ይቀላል» ብለውኛል። ምክንያቱን ብነግራቸው እንደሚራሩላት አውቃለሁ፤ ግን ቃሌን እንዴት አፈርሳለሁ?

እኔም ብሆን ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽም፤ መብራት ሳላጠፋ መተኛት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ይህ ግን የዛሬው ጉዳዬ አይደለም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ስሜ ይቆይልኝ፤ ከባሕር ዳር

መልስ

ውድ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የፈሩት ነገር በእርግጥም የሚያስፈራ ነው። ቅዳሜውን በታሰበው መልክ እንዳያደርጉት፣ ሥልጠናውን ግን እምቢ እንዳይሉ እመክርዎታለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ዶክተሩ ላንሣ። ከጻፉልኝ እንደተረዳሁት ሠራተኛቸው መጎዳቱን አይተው ዝም ማለት ያልቻሉ አሠሪ ናቸው፤ እንዲህ ያለ አሠሪ በየቦታው አይገኝም። ስለዚህ ሲያነጋግሯቸው ሐሳባቸውን ለማፍረስ ከመነሣት ይልቅ ከመልካም ፍላጎታቸው ቢጀምሩ ይሻላል። የጠቀሱት ተረትም እውነት አለው፤ ነገር ግን የተነገረው በሽታውን ከመድኃኒተኛው ለሚደብቅ ሰው እንጂ፣ በነጋታው ጠዋት አብሮት ፊርማ ለሚፈርመው ባልደረባ ሆዱን ላልገለጠ ሰው አይደለም። እኛ ራሳችን ሐዘንተኛ የምንይዝበትን ሥርዓት ያስቡት። ለቅሶ ቤት ገብተን «እግዜር ያጽናችሁ» ብለን እንቀመጣለን፤ ቡና ይመጣል፤ ጥግ ይዞ ካርታ የሚጫወትም አይጠፋም። ሐዘንተኛው ሲፈልግ ያወራል፤ ሳይፈልግ ዝም ይላል፤ «አሁን ደግሞ ተራው ያንተ ነው» የሚለው ሰው ግን የለም። በሆቴሉ አዳራሽ የታሰበው ከዚህ የሚለይበት ሌላም ነገር አለ፤ ደመወዝ የሚፈርሙት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጠው «የፈለገ ይናገር» ቢባል እንኳ ያልተናገረው ሰው ዝምታው ይቆጠርበታል። የተናገረውም ቢሆን ለስድስት ወር ያህል በየኮሪደሩ ሲያልፍ፣ ሰዎች የሚያዩት እርሱን ይሁን ታሪኩን ሲያጠራጥረው ሊከርም ይችላል።

«ይናገርና ይውጣለት» የሚለው እምነት የዶክተሩ ብቻ አይደለም። በሌላው ዓለምም ከአደጋ በኋላ ሰዎችን ወዲያው አስቀምጦ የሆነውን በዝርዝር እንዲተርኩ ማድረግ ለብዙ ጊዜ የተለመደ አሠራር ነበር። የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ዓለም አቀፍ ድርጅት በ2002 እ.ኤ.አ. ያወጣው ግምገማ ግን እንዲህ ያለው የአንድ ጊዜ ውይይት በኋላ የሚመጣውን የሥነ ልቦና ሕመም እንደማይከላከል አሳይቷል፤ ከተገመገሙት ጥናቶች መካከልም ጉዳት ማድረሱን የጠቆመ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ይህ አሠራር አስደንጋጭ ነገር በቅርቡ በደረሰባቸው ሰዎች ላይ እንዳይሠራበት መክሯል። የእናንተ ሠራተኞች ገጠመኝ የቆየ ስለሆነ ይህ ምክር ከሁኔታችሁ ጋር በሁሉም ነገር አይገጥምም። ሆኖም ባለሙያ በሌለበት፣ የሚቀጥል ክትትል ሳይታሰብ፣ በአለቃ ፊትና በምሳ ሰዓት ገደብ የሚደረግ ኑዛዜ ከዚያ የሚሻልበት ምክንያት አይታየኝም። መናገር አያድንም ማለቴ አይደለም። ሰው ታሪኩን እየተናገረ የሚድንበት ሕክምና አለ፤ የሚሰጠው ግን በሠለጠነ ባለሙያ፣ በብዙ ቀጠሮ፣ ታካሚው በሚችለው ፍጥነት ነው።

ታዲያ ሥልጠናው ስለ ምን ይሁን? ከሠራተኛው ያለፈ ሕይወት ይልቅ ስለ ክሊኒኩ የየዕለት አሠራር እንዲሆን እመርጣለሁ። ሳምህሳ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው የአሜሪካ መንግሥት የአእምሮ ጤና ተቋም በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሰነድ፣ አንድ ተቋም በትራውማ የተጎዳን ሰው በጥንቃቄ እንዲይዝ የሚረዱ ስድስት መርሖችን አስቀምጧል፤ ደኅንነት፣ ግልጽነትና መተማመን፣ የአቻ ድጋፍ፣ ተባብሮ መሥራት፣ ለሰው ምርጫና ድምፅ መስጠት፣ እንዲሁም ባህልን፣ ታሪክንና ጾታን ማገናዘብ። እነዚህን በሥልጠናዎ ሳያገኟቸው አልቀሩም። እኔ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ግን ከዚያው ሰነድ ብዙም የማይጠቀሰውን ክፍል ነው። አሠራሩ ሥር እንዲሰድ ሥራ የሚጠይቁ አሥር ዘርፎችን ሲዘረዝር ሥልጠና ከአሥሩ አንዱ ብቻ ሲሆን፣ በዝርዝሩ መጀመሪያ የሚገኙት አመራር፣ የውስጥ መመሪያና የሥራ ቦታው አካላዊ ሁኔታ ናቸው። ዶክተሩ ሰኞ በአዲስ መንፈስ ሥራ እንዲጀመር ከፈለጉ፣ ሰኞ ሠራተኛው የሚመለስበት ክሊኒክ ቢያንስ በአንድ ነገር ተለውጦ መጠበቅ አለበት። ሰውን በጥንቃቄ ለመያዝም መጀመሪያ ቁስሉን እንዲያሳየን መጠየቅ አያስፈልገንም፤ ማን ምን እንዳለበት ሳናውቅ ለሁሉም የሚመች አሠራር መዘርጋት እንችላለን።

ይህን ከቃል ወደ ተግባር ለማምጣት፣ ከሥልጠናው ቀን በፊት አንድ ጠዋት ማስታወሻ ደብተር ይዘው እንደ ሕመምተኛ ከበሩ ጀምረው ይግቡ። ጥበቃው ሲፈትሽ ምን ይላል? ምንም ሳይናገር እጁን ወደ ሰው ሰውነት የሚሰድ ከሆነ፣ ክፉ ቀን ያየ ሰው ገና ከበር ላይ ልቡ ይመታል። «ልፈትሽሽ ነው፣ እጅሽን ከፍ አድርጊልኝ» ማለት ጊዜ አይወስድም፤ ሴትን ሴት እንድትፈትሽ ማድረግም የፈረቃ ጉዳይ ብቻ ነው። ቀጥለው ወደ ካርድ ክፍሉ መስኮት ይሂዱ። እዚያ ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻና የመጡበት ምክንያት የሚጠየቀው ወረፋው ሁሉ እየሰማ አይደለምን? «ከየት ነው የመጣሽው?» የሚለው ጥያቄ ለአብዛኛው ሰው ምንም አይደለም፤ ቤቷን ትታ ዘመድ ቤት ለተጠጋች ሴት ግን መልሱ ከጉሮሮዋ ላይወጣ ይችላል፤ ባሳለፍነው ጊዜ ደግሞ ሰው «ከየት ነህ» ሲባል ለምን ተጠየቅሁ ብሎ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ካርዱ ላይ መሞላት ካለበት «ለቀጠሮ እንዲመቸን አሁን የምትኖሪበትን ሰፈርና ስልክሽን ብትነግሪኝ» ማለት ይቻላል። የመጣችበትን ምክንያት ደግሞ ለሐኪሟ ብትናገር ይበቃል፤ መስኮቱ ላይ ማወቅ የሚያስፈልገው ድንገተኛ መሆን አለመሆኑን ብቻ ነው።

ወደ መርፌና ቁስል ማጠቢያው ክፍል ሲገቡም እንዲሁ ይመልከቱ። መጋረጃው ይዘጋል ወይስ ግማሹ ተቀዷል? ነርሷ ልብስ ከመግለጧ በፊት ምን ልታደርግ እንደሆነ ትናገራለች? ሕመምተኛዋ «ይብቃኝ» ካለች እንደሚቆምላት አስቀድሞ ተነግሯታል? ከእርሷ ጋር ማን እንዲገባ እንደምትፈልግ ተጠይቃለች፣ ወይስ ያመጣት ሰው ሁሉ ተከትሏት ይገባል? እርስዎ ይህን ከእኔ በተሻለ ስለሚያውቁት አላስረዝመውም።

ከዚያ ያንኑ መንገድ እንደ ሠራተኛ ይድገሙት፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይኸኛው ዙር ነው። የጄነሬተሩ ነገር ከሁሉ አስቀድሞ ትዝ አለኝ። መብራት ሲጠፋ ጥበቃው ሮጦ ከማስነሣቱ በፊት በኮሪደሩ «ጄነሬተር ሊነሣ ነው» ብሎ እንዲያሳውቅ ማድረግ አንድ ሳንቲም አያስወጣም፤ የሚጠቅመውም ለካርድ ክፍሏ ልጅ ብቻ ሳይሆን በአልጋ ላይ ለተኛው ሕመምተኛም ነው። የተረኞች ዝርዝር በዋዜማው ማታ በቴሌግራም የሚላክ ከሆነ በሳምንቱ መጀመሪያ ይለጠፍ፤ የነገውን የማያውቅ ሰው ዛሬም አያርፍም። በጠዋቱ ስብሰባ ጥፋት የሠራ ሰው በሁሉም ፊት የሚወቀስበት ልማድ ካለ፣ ወቀሳው በር ተዘግቶ ለብቻ ይደረግ። እንደ እኔ አመለካከት እነዚህ ሦስቱ ብቻ ቢፈጸሙ በሆቴል አዳራሽ ከሚደረግ የለቅሶ ውሎ የበለጠ ሠራተኛውን ያሳርፉታል።

አሁን ዶክተሩን እንዴት እንደሚያነጋግሯቸው እናስብ። በሕመምተኛ መካከል ወይም ኮሪደር ላይ ሳይሆን ቀጠሮ ይዘው ቢሯቸው ይግቡ። «ዶክተር፣ ለሠራተኛው ያሰቡለትን አይቻለሁ፤ እኔም እንዲሳካ ስለምፈልግ አንድ ነገር ልለምንዎ። ታሪክ የሚነገርበትን ክፍል እናስቀረው፤ እኔ ነርስ ስለሆንኩ አንድ ሰው ቢታመምብኝ መያዝ አልችልም፤ እርስዎም ቢሆኑ በስምዎ በተጠራ ሥልጠና ሰው ተጎድቶ እንዲወጣ አይፈልጉም። በምትኩ እኔ አሠራራችንን ልመርምር፤ መጀመሪያ ለእርስዎና ለክፍል ኃላፊዎች ላቅርብ፤ ከዚያ ለሁሉም እናድርገው» ይበሏቸው። ኃላፊዎቹ እንዲቀድሙ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ስለ ሥራ ቦታ የአእምሮ ጤና ባወጣው መመሪያ ከመከራቸው ነገሮች አንዱ ኃላፊዎች የሠራተኞቻቸውን የአእምሮ ጤና እንዲደግፉ ማሠልጠን ነው። ማስጠንቀቂያ የሚጽፈው፣ ፈረቃ የሚመድበውና ፈቃድ የሚሰጠው ኃላፊው ስለሆነ ለውጡ ቶሎ የሚታየው በእርሱ በኩል ነው።

ለሁሉም ሠራተኛ የሚሰጠው ክፍል ከግማሽ ቀን ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ክሊኒኩ እንዳይዘጋም ሠራተኛው በሁለት ተከፍሎ በሁለት ጠዋቶች ሊወስደው ይችላል። የሐይቁ ዳር ሆቴልና ምሳው ይቅር አልልም፤ ምናልባት ሠራተኛው ከሁሉ የሚወደው እርሱን ሊሆን ይችላል። ፎቶው ግን ባይነሣ እመርጣለሁ፤ «የትራውማ ሥልጠና የወሰዱ ሠራተኞቻችን» ተብሎ በፌስቡክ ሲለጠፍ የሰፈር ሰው የሚረዳው ሌላ ነገር ነው። በይዘቱ በኩል፣ በ2011 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች ጋር ያዘጋጀው የመጀመሪያ የሥነ ልቦና ርዳታ መመሪያ ከእርስዎ ሙያ ጋር የሚስማማ ስለሆነ በእርሱ ላይ ይደገፉ። መመሪያው የሚያስተምረው ሦስት ነገር ነው፤ ማየት፣ ማዳመጥና ከሚረዳ ጋር ማገናኘት። ለመስጠት የአእምሮ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ የተጎዳውንም ሰው እንዲናገር አይጫነውም። ምሳሌ ሲያስፈልግዎ ከራሳችሁ ሠራተኞች ሕይወት ሳይሆን ከሕመምተኛ አቀባበል ይውሰዱ፤ ለምሳሌ ቁስሏን ልታሳጥብ መጥታ አልጋው ላይ አልተኛም ያለችን ሴት እንዴት እናስተናግዳት ብለው ሁለት ሁለት ሆነው እንዲለማመዱት ያድርጉ። መጀመሪያውኑም ማንም የራሱን ገጠመኝ እንደማይጠየቅ፣ መውጣት የፈለገ ሳያስፈቅድ መውጣት እንደሚችል ይንገሯቸው፤ ዶክተሩም ይህንን በራሳቸው አንደበት ቢደግሙት ይታመናል።

ስለ ካርድ ክፍሏ ልጅ የሰጡትን ቃል አያፍርሱት። ዶክተሩ እንደሚራሩላት አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ታሪኩ የእርሷ ነው፤ ያለ ፈቃዷ ከወጣ በክሊኒኩ ውስጥ የምታምነው አንድ ሰው እንኳ አይቀራትም። ከዚህ የሚለየው አንድ ሁኔታ ብቻ ነው፤ ራሷን ስለ መጉዳት ወይም መኖር ስለ መሰልቸት የተናገረች እንደሆነ ብቻዋን ሳይተዋት የዚያኑ ዕለት ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት። ይህን በቀጥታ ቢጠይቋት ሐሳቡን በእርሷ ላይ አያመጡባትም፤ ብዙ ሰው የሚጠይቀው በማግኘቱ ይቀለዋል።

ከዚህ ውጭ ግን ማስጠንቀቂያውን ለማስቆም ታሪኩ አያስፈልግም። ቁጭ ብላችሁ «ለዶክተር ምን ያህል ብነግርልሽ ይመችሻል? ምንም አትናገሪ ካልሽኝም አልናገርም» ብለው ይጠይቋት። ምናልባት «ታምማለች፣ ሕክምና ልትጀምር ነው» እስከሚለው ድረስ ትፈቅድ ይሆናል። ማርፈዷም ከምን እንደመጣ ጠይቀዋት ያውቃሉ? እስከ ንጋት እንቅልፍ ሳይወስዳት ቀርቶ ይሁን፣ ወይስ ከሰፈሯ ባጃጅ እስክታገኝ፣ ወይስ በአንድ የተወሰነ መንገድ ማለፍ ስላልቻለች ዞራ እየመጣች፣ መፍትሔው እንደ ምክንያቱ ይለያያል። መግቢያዋ ከ2፡30 ወደ 3፡00 ተገፍቶ ማታ ግማሽ ሰዓት ብትጨምር፣ ለጥቂት ጊዜም ከመስኮቱ ተነሥታ ካርድ በማውጣትና በመመለስ ሥራ ላይ ብትቆይ፣ እነዚህ ያለ አንዳች የግል ታሪክ ሊጠየቁ የሚችሉ ነገሮች ናቸው። ለቅዳሜውም ቢሆን እርሷ እንደማትጀምር፣ ለመናገርም እንደማትጠየቅ አስቀድመው ያረጋግጡላት። የታሰበው ነገር ወሬው እስካሁን ሳይደርሳት አልቀረም።

ሕጉንም ብታውቁት አይከፋም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ በጽሑፍ እየተሰጠው ያለውን ማስጠንቀቂያ አልፎ በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያረፈደ ሠራተኛ ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ሊሰናበት ይችላል፤ ስለዚህ የሦስተኛው ወረቀት ነገር ቀላል አይደለም። በሌላ በኩል ያው አዋጅ የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ በአሥራ ሁለት ወራት ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የቀሩት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ነው። የሕክምና ማስረጃ ስለሚጠይቅ፣ ማስረጃውን ከራሳችሁ ክሊኒክ ሳይሆን ከሌላ ቦታ ብታመጣ ምስጢሯም ይጠበቃል። በከተማችሁ በፈለገ ሕይወትም ሆነ በጥበበ ጊዮን ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። እንቅልፍ ማጣት፣ መደንበርና ካለፈው ነገር መሸሽ ከአንድ ወር አልፎ ሥራን ሲያውክ የሠለጠነ ሰው ሊያየው ይገባል፤ የእርሷ ደግሞ ዓመት ሊሞላው ነው። ፈቃደኛ ከሆነች የመጀመሪያውን ቀን አብረዋት ይሂዱ።

ዲያዜፓሙን ያስቁሙት። ባልደረባዋ በክፋት እንዳላደረገችው አውቃለሁ፤ ሆኖም እንዲህ ላለው ጉዳት የሚመከር መድኃኒት አይደለም፤ ልማድም ይሆናል። ቀደም ብላ አዘውትራ ስትወስደው ከቆየች ግን በአንድ ጊዜ እንድታቋርጥ አይንገሯት፤ አወራረዱን ሐኪም ይወስንላት። ጠበልን በተመለከተ ልትሄድ ከፈለገች ሕክምናዋን ሳታቋርጥ ትሂድ፤ የሚያሳዝነኝ ባልደረቦቿ «ጠበል ትሂድ» የሚሉት እርሷን ለመርዳት ሳይሆን ከፊታቸው ገለል ለማድረግ መምሰሉ ነው።

ሥልጠናው በተለወጠው መልክም ቢሰጥ፣ በመካከሉ አንድ ሰው ማልቀስ ወይም መንቀጥቀጥ ሊጀምር ይችላል። ለዚህ አስቀድመው አንድ የሚያምኑትን ባልደረባ ያዘጋጁ። ያ ሰው አብሮት ወጥቶ ጸጥ ያለ ቦታ ይቀመጥ፣ ውኃ ይስጠው፣ ያለበትን ቦታና ቀኑን በረጋ ድምፅ ያስታውሰው፤ «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ አይመርምረው። እርስዎ አዳራሹ ውስጥ ይቆዩ፣ አጭር ዕረፍት ይስጡ፣ ሲመለሱም ስለወጣው ሰው ምንም አይናገሩ። በማግሥቱ ያ ሰው እንዴት እንዳደረ የሚጠይቀው ማን እንደሆነም ከወዲሁ ይወሰን።

አሁን «የዛሬው ጉዳዬ አይደለም» ወዳሉት ልመለስ፤ ካላስከፋዎት እኔ የዛሬው ጉዳይ ነው እላለሁ። መብራት ሳያጠፉ መተኛት ከጀመሩ ስንት ጊዜ ሆነ? ከአንድ ከሚያውቁት ሌሊት ወዲህ ነው ወይስ ቀስ በቀስ የመጣ? ቀን በሥራ ላይ ሳሉስ የሌሎቹን ታሪክ ሰምተው ሲወጡ የት ያራግፉታል? መልሱን ለእኔ መጻፍ አይጠበቅብዎትም። ነገር ግን የልጅቷን ምስጢር፣ የዶክተሩን ትእዛዝና የራስዎን ሌሊት ብቻዎን ተሸክመው ሠላሳ ሰው ፊት ሊቆሙ ነው። ለእርሷ የያዙትን የሕክምና ቀጠሮ ለራስዎም ይያዙት፤ እርሷ እንዳታይዎ ከፈለጉ በሌላ ቀን ወይም በሌላው ሆስፒታል ይሁን። ቀጠሮው ከሥልጠናው በፊት ካልደረሰልዎ ሥልጠናው ይገፋ። ለዶክተሩ የራስዎን ነገር መንገር የለብዎትም፤ «አብሮኝ የሚያሠለጥን የአእምሮ ጤና ባለሙያ እስክናገኝ ሁለት ሳምንት ይስጡኝ» ቢሏቸው በቂ ምክንያት ነው፤ ባለሙያውንም በእርግጥ ይፈልጉት። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ የሥነ ልቦናና የአእምሮ ሕክምና መምህራን ስላሉ፣ በክሊኒኩ ማኅተም አንድ የትብብር ደብዳቤ ይዘው ወደ ትምህርት ክፍሎቹ ከመሄድ ይጀምሩ።